በጨዋታ ውስጥ የተነገረ ውሸት ውሸት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ መጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም፣ ለመዝናናት በምንጫወተው ጨዋታ ውስጥ የተነገረ ውሸት እንደ ሌላው ውሸት ይቈጠራልን ወይስ «ጨዋታ ነው» ተብሎ ይታለፋል? የሚል ነው። ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ በመካከላችን ስለ ደረሰ ነው። ስለዚህም የተከራከርንበትንና የተሳሳትንበትን ሳንደብቅ እናቀርባለን። ጓደኞቻችን ሁሉ ይህ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ የማንም ስም ግን አይጠራም።

አምስት ነን። ሁላችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ነን። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የመዝሙር ጥናት ሲያበቃ፣ በአንዱ ወንድማችን ቤት እንሰበሰባለን። እናቱ ቡና ያፈሉልናል፤ እኛም በእርሱ አሮጌ ላፕቶፕ ዙሪያ ተቀምጠን አጎቱ ከብዙ ዓመት በፊት የገዙአቸውን የጀብዱ ጨዋታዎች እንጫወታለን። ጨዋታዎቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ በመሆናቸው ከዛሬ ኮምፒዩተር ጋር አይስማሙም። ነገር ግን «ስከም ቪኤም» የሚባል፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራና በነጻ የሚታደል ፕሮግራም አለ፤ የጨዋታውን ፋይል ከዋናው ሲዲ ወስዶ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ያስኬደዋል።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ ላላዩ ጥቂት እናብራራ። የጀብዱ ጨዋታ ፍጥነትን ሳይሆን ማሰብን የሚጠይቅ ነው። ተጫዋቹ በሥዕል በተሠራ አገር ይዘዋወራል፤ ዕቃ ያነሣል፤ የተዘጋ በር ያገኛል፤ የበሩንም ምሥጢር ሌላ ቦታ ካየው ነገር ጋር አዛምዶ ይፈታል። በአጭሩ እንቆቅልሽ ነው። ልዩነቱ ጠያቂው ሰው ሳይሆን ዲስክ መሆኑ ብቻ ነው።

ለክርክራችን ምክንያት የሆነው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ሚስት» ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ጭጋግን ያሳስባል፤ በእኛ ቋንቋ ግን ሲነገር ያስቃል። የወንድማችን እናትም «እናንተ ልጆች፣ ሳታገቡ በየሳምንቱ ስለ ሚስት ታወራላችሁ» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ስለዚህ ከዚህ በኋላ «የደሴቱ ጨዋታ» እንበለው። የሠሩት ራንድ ሚለርና ሮቢን ሚለር የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው፤ አባታቸው ሰባኪ ነበሩ። ጨዋታው ከስድስት ሚሊዮን በላይ ቅጂ የተሸጠ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በኮምፒዩተር ጨዋታ ሽያጭ የመጀመሪያውን ስፍራ ይዞ ቆይቷል። በሳጥኑ ውስጥ ከሲዲው ጋር ምንም ያልተጻፈበት የማስታወሻ ደብተር ይገኝ ነበር። ተጫዋቹ ያየውንና የሰማውን እንዲመዘግብበት ነው። የአጎትየው ደብተር ስለ ጠፋ እኛ ባለ ሃምሳ ሉክ የትምህርት ቤት ደብተር ገዛን።

ተጫዋቹ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻውን ይገኛል። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ መጽሐፍ አሉ። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሰው ታስሯል። ሲረስና አከናር የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም «እኔ ንጹሕ ነኝ፤ በደለኛው ወንድሜ ነው፤ የመጽሐፌን ገጾች አምጥተህ ነጻ አውጣኝ» ይላሉ። ገጾቹ የተበተኑት ከደሴቱ በሚደረስባቸው አራት ዓለማት ውስጥ ነው።

ከአራቱ ዓለማት በአንዱ የሚሽከረከር ምሽግ አለ። ምሽጉ ዞሮ ሲቆም ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁም ለሰሜን፣ ለምሥራቅ፣ ለደቡብና ለምዕራብ የተለያየ ነው። በሌላው ዓለም ደግሞ ከመሬት በታች በተዘረጋ እጅግ በተጠላለፈ መንገድ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ አለ። በየመቆሚያው ድምፅ ይሰማል፤ ነገር ግን ወዴት እንደሚኬድ የሚናገር ምልክት አይታይም። ምሥጢሩ እነዚህ ድምፆች የምሽጉ ድምፆች መሆናቸው ነው። አቅጣጫውን ያመለክታሉ፤ ሁለት ድምፅ አብሮ ሲሰማ በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል ያለውን መንገድ ያሳያል።

እኛ በዚያ ጥልፍልፍ መንገድ ሦስት እሑድ ጠፋን። ከመካከላችን አንዲት እኅታችን ግን ድምፆቹን ሁሉ በፊደል እየጻፈች ትመዘግብ ነበር። «ይህን ድምፅ ሌላ ቦታ ሰምቼዋለሁ» አለችን። እኛ አልሰማናትም፤ ማውሱን የያዘው ሁሉ በግምት ወደ ፈለገበት ይነዳ ነበር። በአራተኛው እሑድ አንዱ ወንድማችን መጣና «ሌሊቱን ሳስብ አድሬ አገኘሁት» አለ። ድምፆቹን ከምሽጉ ጋር አዛምዶ አስረዳን፤ በጥቂት ደቂቃም ከመንገዱ አወጣን። አጨበጨብንለት። ሊቀ ሊቃውንት ብለን ሾምነው። እኅታችን ደብተሯን ከድና ዝም አለች፤ በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም። ከዚያ በኋላም ሁለት እሑድ ቀረች። ምክንያቱን የጠየቃት ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድማችን ራሱ እውነቱን ነገረን። ሌሊቱን ያደረው ሲያስብ አልነበረም፤ መፍትሔውን በስልኩ አንብቦ ነው የመጣው። ክርክሩ የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው አሳብ «ጨዋታ ነው፤ ማን ተጎዳ?» የሚል ነበር። በጨዋታ ውስጥ ማታለል የተፈቀደ ነው የሚሉም ነበሩ። ካርታ የሚጫወት ሰው የያዘውን ይደብቃል፤ በቲያትር መድረክ ላይ «እኔ ንጉሥ ነኝ» የሚለውን ተዋናይ ማንም ውሸታም አይለውም። ይህ አሳብ እውነትነት አለው። በመጨረሻ ግን ነገሩን የፈታልን ራሱ ይህ ምሳሌ ሆነ። ካርታ የሚጫወቱ ሁሉ ካርታ እንደሚደበቅ አውቀው ተቀምጠዋል፤ ተመልካቹም ተዋናዩ ንጉሥ እንዳልሆነ እያወቀ ቲኬት ቆርጧል። ስለዚህ የተታለለ ሰው የለም። ወንድማችን «ሌሊቱን ሳስብ አድሬ አገኘሁት» ያለው ግን በደሴቱ ላይ ላሉት ለሲረስና ለአከናር አይደለም። በቡናው ዙሪያ ለተቀመጥነው፣ ላመንነው ለእኛ ነው። እንግዲህ በጽሑፉ ራስ ላይ ያስቀመጥነው ጥያቄ አጠያየቁ የተሳሳተ ሆኖ አገኘነው። ውሸቱ የተነገረው በጨዋታው ውስጥ ሳይሆን በጨዋታው አጠገብ ነው። የኮምፒዩተሩ ዓለም ፈጠራ ነው፤ እኛ ግን ፈጠራ አይደለንም።

ሁለተኛው አሳብ ከዚህ በተቃራኒ እጅግ የከረረ ነበር። መፍትሔ ማንበብ በራሱ ስርቆት ነው የሚል ነው። ይህንንም አልተቀበልነውም። አንዳንድ እንቆቅልሾች ፍትሕ የጎደላቸው ናቸው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውንና ሮበርታ ዊልያምስ የደረሱትን አምስተኛውን «ኪንግስ ኩዌስት» እንመልከት። ንጉሥ ግራሃም በአንድ ዳቦ ቤት ደጃፍ ሲያልፍ ድመት አይጥን ስታባርር ያያል። አንድ ነገር ወርውሮ አይጧን ካዳነ፣ ኋላ በገመድ ታስሮ ሲጣል አይጧ መጥታ ገመዱን ትቈርጥለታለች። ያን ጊዜ ካላዳናት ግን ከእስራቱ የሚያወጣው የለም። ለትንሿ ፍጥረት መራራት ዋጋ እንዳለው ማስተማሩ መልካም ነው። ነገር ግን ተጫዋቹ የት እንደ ተሳሳተ ሳያውቅ ብዙ ሰዓት ተጉዞ በመጨረሻ መውጫ ያጣል። ሮን ጊልበርት የተባሉት የጨዋታ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1989 እንዲህ ያለውን አሠራር የሚነቅፍ ጽሑፍ አውጥተዋል። በሚቀጥለው ዓመት በወጣው «መንኪ አይላንድ» በሚባለው ጨዋታቸውም ተጫዋቹ መውጫ አጥቶ እንዳይቀር አድርገዋል። በዚያ ዘመን ኩባንያዎቹ ራሳቸው የመፍትሔ መጽሐፍ ይሸጡ፣ በስልክም በክፍያ ፍንጭ ይሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ደግሞ ፍንጭን አንድ በአንድ ብቻ የሚገልጥ ፕሮግራም ተሠርቷል፤ መጀመሪያ «ይህን ልብ ብለሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልበቃ ሌላ ይጨምራል፤ ሙሉውን መልስ የሚሰጠው በመጨረሻ ነው። ይህ የመልካም መምህር ሥራ ነው። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያ በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ያርሙታል። መታረም ነውር አይደለም።

በአገራችን እንቆቅልሽ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አለ። በልጅነታችን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋው ሰው ምን ያደርግ ነበር? «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። ጠያቂው አገሩን ከተቀበለ በኋላ መልሱን ይነግረዋል። ይህን ሥርዐት ያቆዩልን አባቶችና እናቶች ትልቅ ነገር አስበዋል ብለን እናምናለን። አለማወቅ የተፈቀደ ነው፤ መልስ መቀበልም የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን አለማወቅን በሰው ፊት መግለጽ ያስፈልጋል፤ ጥቂት ዋጋም ያስከፍላል። ወንድማችን ያጠፋው መልሱን በማንበቡ አልነበረም። መልሱን ወስዶ አገር ሳይሰጥ በመቅረቱ ነው። «ጠፍቶኝ አነበብኩ» ቢለን ኖሮ ስቀን እናልፈው ነበር፤ እኅታችንም «እኔ እኮ ደርሼበት ነበር» ብላ ደብተሯን ታሳየን ነበር።

እዚህ ላይ «ዋናው መጨረስ ነው፤ እንዴትም ይሁን» የሚል ቢኖር የደሴቱ ጨዋታ ራሱ ይመልስለታል። የጨዋታው የመጨረሻ ምሥጢር ለሁሉም ተጫዋች አንድ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ከአራቱ ዓለማት አንዱንም ሳያይ በጥቂት ደቂቃ ሊጨርሰው ይችላል። ከመጨረሻው ስፍራ ይደርሳል፤ ነገር ግን ምን አገኘ? ያው መጨረሻ በሳምንታት ድካም ለደረሰ ሰው ደስታ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ለደረሰ ሰው ባዶ ክፍል ነው። ከእኛ መካከል የተቀዳ የቤት ሥራ አስገብቶ ነጥብ ያገኘ ካለ (አለንም) ይህን ባዶነት ያውቀዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበደን ነው። የተደረገውን እንዴት እናስተካክለው? አንዳችን ብልሃት አገኘሁ አለ። በኮምፒዩተር ጨዋታ ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ እያስቀመጠ ይሄዳል፤ ሲሳሳትም ወደ ተቀመጠው ቦታ ይመለሳል። «ከመሬት በታች ወዳለው መንገድ መግቢያ እንመለስ፤ እኅታችን ማውሱን ይዛ ራሷ ትፍታው» ተባለ። ቤቷ ሄደን ለምነን አመጣናት። ፋይሉን ከፈትን፤ ጨዋታው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ከመግቢያው ጀመረ። እርስዋም ጥቂት አየችና ማውሱን ገፋ አድርጋ «ኮምፒዩተሩ ረስቷል፤ እኔ ግን መልሱን ሰምቼዋለሁ» አለችን።

ከዚያ ቃል በኋላ ለብዙ ጊዜ የተናገረ አልነበረም። እኛ በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ንስሓ ስንማር ብዙ ጊዜ በልባችን የምናስበው ልክ ይህን ነበር። ንስሓ ማለት ወደ ተቀመጠው ቦታ መመለስ፣ የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ ይመስለን ነበር። እስቲ የቅዱስ ጴጥሮስን ነገር እናስብ። ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ፤ ዶሮ ጮኸ፤ ወጥቶም መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ይሁን እንጂ ወደዚያች ሌሊት ተመልሶ «አውቀዋለሁ» እንዲል ዕድል አልተሰጠውም። ሌሊቱ አልፏል። ከትንሣኤ በኋላ በባሕሩ ዳር ጌታችን ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ እርሱም እያዘነ ሦስት ጊዜ መለሰ። የካደው ያው ጴጥሮስ ነው በጎቹን የተቀበለው። ቤተ ክርስቲያንም ክህደቱን ከታሪኩ አልፋቀችውም፤ በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት ታነበዋለች። ይቅርታ ማለት መርሳት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተነበበ ነበር። በኮምፒዩተሩ መመለስ ምስክር አይፈልግም፤ የተበደለውንም ሰው አይፈልግም። ንስሓ ግን ያለ ሰው ፊት አይሆንም። ወደ ኋላ የሚኬድበት መንገድ ስለሌለው ወደ ፊት ይሄዳል።

ወንድማችን በሁላችን ፊት ተነሥቶ እኅታችንን ይቅርታ ጠየቃት። ለምን እንዳደረገውም ነገረን። በዚያ ሴሚስተር በሁለት ትምህርት ወድቆ ነበር፤ ለቤተሰቡም ለእኛም አልተናገረም። «በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የሚያውቅ ሰው ሆኜ ልታይ ብዬ ነው» አለ። ይህን ስንሰማ ክርክራችን መልኩን ለወጠ። በየሳምንቱ አብረን ስንቀመጥ «እንዴት ነህ?» ብለን መልሱን ሳንጠብቅ ወደ ላፕቶፑ የዞርነው እኛ ነን። እኅታችን ሦስት እሑድ ስትነግረን ያልሰማናትም እኛ ነን። ያጨበጨብነውም እኛ ነን። በደሴቱ ጨዋታ ሲረስና አከናር ሲናገሩ ሁለቱም ያሳዝናሉ፤ እውነቱ የሚታወቀው የኖሩባቸውን ክፍሎች ላየ ሰው ብቻ ነው። በአንደኛው ክፍል የተከማቸ ወርቅ፣ በሌላው የማሰቃያ መሣሪያ ይታያል። የፈጠራ ሰዎችን ክፍል እንዲህ አጥብቀን ስንመረምር አጠገባችን የተቀመጠውን ወንድም ያለበትን ሁኔታ አልመረመርንም። ስለዚህ እኛም ሁለቱን ይቅርታ ጠየቅናቸው።

እኅታችን ይቅርታውን ተቀበለች። ነገር ግን በግልጽ «ይቅር ብያለሁ፤ እንደ ቀድሞው ለማመን ግን ጊዜ ስጡኝ» አለችን። መጀመሪያ ይህ ቃል ከብዶን ነበር። ኋላ ግን ትክክል መሆኗን ተረዳን። ይቅርታ በአንድ ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ መተማመን ግን እንደ ደብተሩ በየሳምንቱ ገጽ በገጽ የሚጻፍ ነው። ሁለት ነገርም ወሰንን። አንደኛ፣ ሁላችንም ካልተስማማን ማንም መፍትሔ አያነብም፤ ከተስማማንም መጀመሪያ ትንሹን ፍንጭ ብቻ እናያለን። ሁለተኛ፣ ደብተሩን የሚይዘው ያ ወንድማችን ሆነ። እንቆቅልሹን የፈታውን ሰው ስም በየገጹ ይጽፋል። ከድምፆቹ ገጽ ላይ የእኅታችንን ስም ጻፈ፤ ከበታቹም «መልሱን እኔ አንብቤ ነው የተናገርኩት» ብሎ ጨመረ። ይህን እንዲጽፍ ያዘዘው የለም። የወደቀባቸውን ሁለት ትምህርቶችም አሁን ሐሙስ ሐሙስ አብረን እናጠናለን።

ከአባቶቻችን አንዱ ይህን ሁሉ ነግረናቸው «ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ሁሉ ለጸሎትና ለትምህርት ብታውሉት አይሻልም ነበርን?» ብለውናል። ምክራቸውን በአክብሮት ተቀብለን በጨዋታው ላይ የሰዓት ገደብ አድርገናል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር በትሕትና እንጨምራለን። ሰው በትልቁ ነገር ሲጠነቀቅ በትንሹ ነገር ራሱን ይገልጣል። በፈተና ቀን ሁላችንም እንጠነቀቃለን፤ በጨዋታ ቀን ግን እንደ ሆንነው እንታያለን። ስለዚህ ጨዋታ መስተዋትም ሊሆን ይችላል፤ ያየነው መልክ ባያምርም እንኳ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የክርክራችን ፍሬ ይህ ነው። ውሸት ትንሽነቱ በተነገረበት ስፍራ አይለካም፤ ባመነው ሰው ነው የሚለካ። ያጠፋነውንም ለማስተካከል የተቀመጠ ፋይል የለንም፤ ያለን ይቅርታ መጠየቅና ከዚያ ወዲህ በእውነት መኖር ነው። መልሱ ሲጠፋን አገር መስጠትን አንፈር። ጎንደርንም ሐረርንም እንስጥ፤ ወዳጅን ከመስጠት ይሻላልና።

እግዚአብሔር አምላካችን በትንሹም በትልቁም የታመንን እንድንሆን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።